ለቅሶ ላይ የተሠራ ዳንቴል

ክሩ ከባይነሽ ጭን ላይ ተንሸራቶ ምንጣፉ ላይ ወደቀና መንከባለል ጀመረ። እጇን ሰድዳ ልትይዘው ስትል ነጠላዋ ጠልፎ አስቀራት። ነጩ ድቡልቡል ክር በተቀመጡት ሴቶች እግር መሃል እየተፈታ፣ እየተፈታ ሄደና አበራሽ የተቀመጠችበት ፍራሽ ጋ ሲደርስ ቆመ።

አበራሽ ልጇ የሞተችባት ሴት ናት። ልጅቷ ጸሎት ትባል ነበር፤ ገና ሃያዎቹን የጀመረች፣ ኩላሊቷን ታማ ከቤት ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ቤት ስትመላለስ ከርማ ያረፈች ልጅ። ዛሬ ሣልስቷ ነው። ሲመሽ ድንኳኑ ይነሳል፤ ከዚያ ወዲያ እናት ከሐዘኗ ጋር ብቻዋን ትቀራለች።

ሴቶቹ መጀመሪያ ክሩን አዩት። ቀጥለው በዓይናቸው ክሩን ተከትለው ወደ ኋላ ሄዱ፤ በዚህችኛዋ እግር ሥር፣ በዚያችኛዋ ቀሚስ ጫፍ አልፈው የባይነሽ ነጠላ ውስጥ ገቡ። ነጠላው ውስጥ እጇ ነበር። እጇ ውስጥ ኪሮሽ፣ ኪሮሹ ጫፍ ላይ ደግሞ ግማሽ የደረሰ የዳንቴል አበባ።

በሴቶቹ በኩል ጸጥ አለ። ከድንኳኑ ወዲያ ጫፍ ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ፤ አንዱ ጠረጴዛውን በጡጫ መትቶ ሳቀ።

"ይሄ ለቅሶ ነው ወይስ የባልትና ክፍል?" አለች ኤልሳቤት።

ኤልሳቤት የእድሩ የሴቶች ተጠሪ ናት። ማን ወጥ እንደሚሠራ፣ ማን ሳህን እንደሚያጥብ የምትመድበው እሷ ናት። ስልኳን ስትነካካ ነበር፤ አሁን ጭኗ ላይ ደፋችው።

"እኔ እኮ ኤልሲ..."

"አንቺ እኮ ምን? ትንሽ ብትቆዪ የሽመና ዕቃም ትተክዪ ነበር!"

ከኋላ አንዷ ሳቅ አመለጣትና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ባይነሽ ፊቷ ጋለ። አበራሽን አየቻት። አበራሽ እጇን ዘርግታ ክሩን አነሳች፤ አገላብጣ አየችውና ጉልበቷ ሥር ሸጎጠችው።

ክሩ ከእናቲቱ ጉልበት እስከ ባይነሽ እጅ ድረስ ተወጥሮ ቀረ። መሃል የተቀመጡት ሴቶች እንዳይነካቸው እግራቸውን ሰበሰቡ። ባይነሽ ትመልስልኛለች ብላ ጠበቀች። ቆየች። አበራሽ የምትመልስ አትመስልም። በመጨረሻ ባይነሽ ጎንበስ ብላ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። "እግዜር ያጥናሽ" እንኳ ሳትል ተነስታ ወጣች።

እንግዲህ ባይነሽን ክፉ ሴት ናት እንዳትሏት። ክፉ አይደለችም። የደከማት ሴት ናት። እንዴት ያለ ድካም እንደሆነ ልንገራችሁና ከዚያ እንደ ልባችሁ ፍረዱ።

ባሏ ፈለቀ መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ ጆንያና ገመድ ይሸጣል። ቤታቸው ከሰባተኛ ሰፈር ገባ ብሎ ያለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል፤ ቤቱ ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ከጉራጌ አገር ዘመድ ሁሉ ልጁን ንግድ እንዲለምድ የሚልከው ፈለቀ ጋ ነው። አንዱ ለምዶ የራሱን ሱቅ ሲከፍት ሌላው ይተካል። አሁን ያሉት ሦስት ጎረምሶች ናቸው፤ ትልቁ ማሙሸት ይባላል። ባይነሽ ካገባች ጀምሮ ለእንደዚህ ዓይነት ጎረምሶች ስታበላና ስታጥብ ኖራለች። የጆንያ ብናኝ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ልብስ ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ ሁለት ሦስት ውሃ ካልተለወጠለት አይለቅም። ውሃው በፈረቃ ነው። የሚመጣበት ቀን ይታወቃል፤ ሰዓቱን ግን ማንም አያውቀው። ስለዚህ ባይነሽ አንድ ጆሮዋ ሁልጊዜ ቧንቧው ጋ ነው።

ዳንቴል የተማረችው ልጅ ሆና፣ ስድስተኛ ክፍል፣ በባልትና ክፍለ ጊዜ ነው። ካገባች በኋላ ተወችው። የመጨረሻ ልጇ ስትዳር ግን ድንገት ኪሮሽ ገዛችና አንድ የአልጋ ልብስ ጀመረች። በአበባ በአበባ እየተሠራ የሚገጣጠም ነው። ዓመታት አለፉ፤ እስካሁን ግማሹ እንኳ አልደረሰም። ማታ ልሥራ ስትል ፈለቀ "መብራቱን አጥፊ" ይላል። ጠዋት ልሥራ ስትል ዳቦና ሻይ አለ። አንድ ቀን እንዲያውም ኪሮሿን ይዛ የጋራው ሽንት ቤት ውስጥ ተቀመጠች። ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ፈሪዳ በሩን ደበደበችው፤ "ባይኔ! እዛ ውስጥ ቤት እየሠራሽ ነው እንዴ? ኧረ እኛም ሆድ አለን!"

ያን ቀን ሁለቱም በሳቅ ሞቱ። ፈሪዳ ምን ሆና እንደሆነ ስትጠይቃት ግን ባይነሽ ሳቋን አቁማ እንዲህ አለቻት፦

"የምሠራው ሁሉ እስከ ማታ ወይ ይበላል ወይ ይቆሽሻል። ይሄ ብቻ ነው ነገ ጠዋት እዚያው ሆኖ የሚጠብቀኝ።"

ፈሪዳ አሁን ከድንኳኑ ጀርባ ትልቅ የብረት ድስት በአመድ እየፈተገች ነበር። የሙስሊም ቤት ይሁን የክርስቲያን፣ በዚያ መንደር ሰው ከሞተ ፈሪዳ ከድስት አጠገብ አትጠፋም። ባይነሽ በዚያ በኩል ስትወጣ ቀና ብላ አየቻት።

"ምን ሆነሻል? ፊትሽ በርበሬ መስሏል።"

"ክሩ አመለጠኝ።"

ፈሪዳ ወዲያው ገባት። ሦስቱንም ቀን አብራት ነበረች፤ ታውቃለች። አመድ የነካውን እጇን ጭንቅላቷ ላይ ልትጭን ስትል ተወችው።

"ያ አላህ። አየችሽ?"

"እግሯ ሥር ነው የሄደው።"

"ምን አለች?"

"ምንም። ኤልሳቤት ነች ያለችው።"

"ኤልሳቤት!" አለች ፈሪዳ በሹክሹክታ። "ከጠዋት ጀምሮ ቲክቶክ ስታይ አይደል እንዴ የዋለችው? አንዴ እንዲያውም ድምፁ ከፍ ብሎባት ዘፈን ተሰማ። አንቺም ስልክ ብትነካኪ ማንም ዘወር ብሎ አያይሽም ነበር።"

"ስልክ አልወድም።"

"እሱ ነው ጥፋትሽ።" ፈሪዳ ድስቱን አዙራ ታችኛውን ጥቀርሻ መፈተግ ቀጠለች። ትንሽ ቆይታ፣ "ግን ባይኔ" አለች፣ "ልትቀየሚኝ ትችያለሽ። አበራሽን ግን ቶሎ አናግሪያት። የኤልሳቤትን ወሬ ተይው፤ ነገ ሌላ ወሬ ታገኛለች። ልጅ የሞተባት ሰው ነው የሚያስፈራኝ።"

ባይነሽ ወደ ቤቷ ሄደች። በጠባቡ መንገድ ተሸካሚዎች ጋሪ እየገፉ "ዘወር! ዘወር በሉ!" እያሉ ይመጣሉ። ድንኳኑ ጋ ሲደርሱ ዝም ይላሉ፤ ካለፉ በኋላ እንደገና ይጮሃሉ። የማያውቁት ሰው ነው የሞተው፤ ግን ድንኳን ድንኳን ነው። ባይነሽ ይህን አይታ በራሷ ይበልጥ አፈረች።

ወሬ መርካቶ ውስጥ ከጋሪ ይፈጥናል። ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ ፈለቀ ሱቁን ለልጆቹ ትቶ ደረሰ። በሩ ላይ ቆመ።

"እውነት ነው?"

"ምኑ?"

"አታድርቂኝ ባይነሽ። ሶማሌ ተራ ድረስ ተሰምቷል። ደንበኛዬ ስልክ ደውሎ 'ባለቤትህ ለቅሶ ቤት ሱቅ ከፈተች አሉ' ብሎ ሳቀብኝ።"

"ክር ወደቀብኝ።"

"ክር ወደቀብኝ! ክሩ መጀመሪያ ድንኳን ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ?"

ባይነሽ ከሰሉን አራግፋ ማያያዝ ጀመረች፤ የእራት ሰዓት እየደረሰ ነው።

"ጊዜ ከተረፈሽ" አለ ፈለቀ፣ "የልጆቹ ሱሪ ጉልበቱ ተቀዷል። እሱን አትሰፊም?"

"አንተስ ትናንት ማታ እዚያው ድንኳን ውስጥ ካርታ ስትጫወት አልነበር? ሳቅህ እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር።"

"እሱ ሌላ ነው።"

"ምኑ ነው ሌላው?"

"እሱ ለማስተዛዘን ነው! ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ነው። አባቶቻችንም እንደዚያው ነው የሚያድሩት። አንቺ ግን ለራስሽ ነው የሠራሽው። ለራስሽ አይደለም?"

"ለራሴ ነው" አለች ባይነሽ።

ፈለቀ እንዲህ ቁርጥ ያለ መልስ አልጠበቀም። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ፈለቀም ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል፣ ወገቡን የሚያመው ሰው ነው። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ነገ እኛ ቤት ሞት ቢገባ ማን ይቀመጥልናል? እሱን አስበሽዋል? እኔ ብሞት ሬሳዬ ላይ ኤልሳቤት 'የዳንቴሏ ሴት ባል' እያለች ልትስቅ ነው?"

ባይነሽ ይህን ስትሰማ እጇ ከሰሉ ላይ ቆመ። ይህቺ ነገር እውነት ነበረች። አንድ ቤት የሚፈራው ሞቱን አይደለም፤ ሞቱ መጥቶ ድንኳኑ ባዶ እንዳይሆን ነው።

"ምን ላድርግ ታዲያ?"

"ሂጂና እግሯ ላይ ውደቂ። ይቅር ካለችሽ መልካም፤ እኔም አፌን እዘጋለሁ። ይቅር ካላለችሽ ግን..." ፈለቀ አልጋው ሥር ጎንበስ ብሎ አበባዎቹ ያሉበትን ነጭ ከረጢት ስቦ አወጣ፤ በሩ አጠገብ ጣለው። "ይሄ ነገር እዚህ ቤት አያድርም። እኔው ራሴ ምናለሽ ተራ ወስጄ እጥለዋለሁ።"

ባይነሽ ከረጢቱን አየችው። አፉ አልታሰረም ነበር፤ የአንድ አበባ ጠርዝ ወጥቶ መሬቱን ነክቷል። ልታስገባው ፈለገች፤ ግን ባሏ እያያት ስለሆነ ተወችው። ድስቱን ከሰል ላይ ጣደች፤ ሽንኩርት ከተፈች፤ ምስሩን ጨመረች። እሳቱን በአመድ አዳፍና ልትወጣ በሩ ጋ ስትደርስ ግቢው ውስጥ ያለው ቧንቧ አፏጨ።

ውሃ መጣ።

ምን ታድርግ? ውሃ ይቅርታ አይጠብቅም። በርሜሉን ሞላች፤ ጀሪካኖቹን በተራ ሞላች። መጨረሻ ላይ አንድ ባዶ ጀሪካን አየች፤ የአበራሽ ናት፤ እሷም የምትቀዳው ከዚሁ ቧንቧ ነው። ከቅዳሜ ጀምሮ ማንም አልነካትም። እሷንም ሞላችና በአንድ እጇ አንጠልጥላ ይቅርታ ልትጠይቅ ሄደች።

ድንኳኑ እየፈረሰ ነበር። ወጣቶች ብረቱን እየነቀሉ ጋሪ ላይ ይወረውራሉ፤ ብረት ከብረት ሲጋጭ ጆሮ ያደነቁራል። ፈሪዳ ሳህኖቹን እየቆጠረች ለእድሩ ሰው ታስረክባለች፤ ባይነሽን ስታይ በዓይኗ ወደ ውስጥ አመለከተቻት። ብቻዋን ናት ማለቷ ነው።

አበራሽ አልጋው ላይ ሳይሆን መሬት ላይ፣ ያችው ፍራሽ ላይ ናት፤ ፍራሹን ወደ ቤት አስገብተውላታል። ከራሷ በላይ የጸሎት ፎቶ ተሰቅሏል፤ ከትምህርት ቤት ስትመረቅ የተነሳችው።

"ውሃ መጥቶ ነው" አለች ባይነሽ።

"እዛው ጥግ አስቀምጪው።"

አስቀመጠችው። ቆመች። ከዚያ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተንበርክካ የአበራሽን እግር ልትይዝ ስትል አበራሽ እግሯን ሰበሰበች።

"ተይ። ተቀመጪ ዝም ብለሽ።"

"አበራሽ፣ ይቅር በይኝ። ስለ እግዚአብሔር።"

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይቼሻለሁ" አለች አበራሽ። ድምፇ ከማልቀስ ብዛት ሻክሯል፤ ቁጣ ግን የለበትም። "ዛሬ አይደለም ያየሁሽ። ነጠላሽ ሥር እጅሽ ውር ውር ሲል አየሁ። ምን መሰለኝ መሰለሽ? መቁጠሪያ። 'ባይነሽ ለልጄ እየጸለየች ነው' አልኩ። ሁሉም ሲያወራ፣ ሁሉም ስልክ ሲያይ አንቺ ብቻ አፍሽን ዘግተሽ፣ አንገትሽን ደፍተሽ። ደስ አለኝ። ያን ሌሊት የተኛሁት እሱን እያሰብኩ ነው።"

ባይነሽ አንገቷን ደፋች።

"ሁለተኛው ቀን ላይ ገባኝ። ለማንም ግን አልተናገርኩም።"

"አልቅሻለሁ እኮ አበራሽ። ጸሎትን እወዳት ነበር። ትንሽ ልጅ ሆና ጀሪካኔን በአንድ በኩል ትይዝልኝ አልነበር?"

"አልቅሰሻል። መች ካድኩ? አልቅሰሽ ስታበቂ እንባሽን ጠርገሽ የዳንቴልሽን ዓይን ቆጠርሽ።"

ውጪ አንድ ብረት ወደቀ። 

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለች አበራሽ። "እውነቱን ንገሪኝ። የመጀመሪያው ቀን፣ ጩኸቴን ሰምተሽ ስትመጪ። ኪሮሹ ኪስሽ ውስጥ ተረስቶ ነው የመጣው? ወይስ አስበሽ ነው የያዝሽው?"

መልሱ ቀላል ነበር። "ተረስቶ ነው" ብትል ያልቃል። ማን ያየ አለ? አበራሽም የምትፈልገው ያን ይመስላል፤ ዓይኗ እየለመነ ነበር። ይቅርታው እዚያች አንዲት ቃል ላይ ነበር፤ ከረጢቱም፣ የባሏም ዝምታ።

የሆነው እንዲህ ነው። ያን ቀን ባይነሽ የልጆቹን ልብስ እያጠበች ነበር። ጩኸቱ ሲሰማ ልብሱን ውሃው ውስጥ ጥላ፣ እጇ አረፋ እንደያዘ ሮጠች። ግቢው በር ላይ ስትደርስ ነጠላ እንዳልያዘች ትዝ አላትና ተመለሰች። ነጠላዋ የተሰቀለው ኪሮሹ ካለበት ከረጢት በላይ ነው። ነጠላውን ስታወርድ አንድ ሐሳብ መጣባት፦ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጬ ልውል ነው፤ ማንም ተነሺ አይለኝም። እግዜር ይቅር ይበላትና ልቧ ቀለል አለ። እንባዋ እየወረደ ልቧ ቀለል አለ። ጎንበስ ብላ ኪሮሹንና ክሩን ከነጠላዋ ጋር ጠቀለለች።

"ተመልሼ ገብቼ ነው የያዝኩት" አለች ባይነሽ።

አበራሽ ቀና ብላ የልጇን ፎቶ አየች።

"ደስ ብሎሽ ነበር?"

"ለመቀመጡ። ለሷ ሞት አይደለም፣ አፈር ልሁን። ለመቀመጡ ነው።"

"ለኔ ልዩነቱ አይታየኝም" አለች አበራሽ።

ከዚያ እጇን ዘረጋች። "አምጪያቸው።"

"ምኑን?"

"የሠራሻቸውን። እነዚህን ሦስት ቀናት የሠራሻቸውን።"

ባይነሽ ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ከያዘችበት አወጣቻቸው። አበራሽ አንድ በአንድ ጉልበቷ ላይ ዘረጋቻቸው። እውነቱን ለመናገር ባይነሽ በሕይወቷ እንደነሱ ያለ ሠርታ አታውቅም። ቤት የሠራቻቸው ሁሉ የሆነ ቦታ ይጣመማሉ፤ አንዱ ወጥ ሲያርር የቆመ፣ አንዱ ውሃ ሲመጣ የተጣለ። እነዚህ ግን ማንም ሳይጠራት የተሠሩ ናቸው፤ ዙሪያቸው እንደ ጨረቃ ክብ ነው። በዚያ ሰዓት እንኳ ዓይኗ ሳታስበው ጥራታቸውን አየ፤ ማየቷን አበራሽ አየችባት።

"ያምራሉ" አለች አበራሽ። "እነዚህ የኔ ናቸው። ልጄ በሞተችበት ቀን የተሠራ ነገር የሰው አልጋ ላይ አይነጠፍም። ክሩም እዚሁ ይቀራል።"

"እሺ። ውሰጃቸው።"

"ለአርባዋ አትምጪ።"

"አበራሽ..."

"ጠላውንም፣ ወጡንም ሌላ ሰው ይሠራዋል። ለኤልሳቤት እኔ እነግራታለሁ። ክፉ አልመኝልሽም ባይነሽ፤ የዕድሜ ልክ ጎረቤቴ ነሽ። ግን አንቺ ስትቀመጪ ካየሁ ልጄን ሳይሆን እጅሽን ነው የማየው። ሂጂ አሁን። ስትወጪ በሩን ገርበብ አድርጊው።"

ባይነሽ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች። ድንኳኑ የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኗል፤ ወንበሮቹ ቆመውበት የነበረው ጭቃ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ፈሪዳ እየጠበቀቻት ነበር።

"እንዴት ሆነ?"

"ለአርባዋ አትምጪ አለችኝ።"

ፈሪዳ ቀልድ አላገኘችም። እጇን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ እስከ በሯ ሸኘቻትና ወደ ራሷ ቤት ገባች።

ቤት ውስጥ ፈለቀና ሦስቱ ጎረምሶች ጠረጴዛውን ከበው ተቀምጠዋል። ሳህን አልቀረበም። ድስቱ ከሰሉ ላይ እየተንተከተከ ነው፤ ማንም አልነካውም። ባይነሽ ስትገባ ሁሉም ቀና አሉ።

"ምን አለችሽ?" አለ ፈለቀ።

እዚህም መዋሸት ይቻል ነበር።

"ይቅር አላለችኝም።"

ፈለቀ ጉንጩን ነፍቶ አየሩን አስወጣ። ልጆቹ እያዩት ነው። አንዴ ቃሉ ከአፉ ወጥቷል፤ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳና ወደ ከረጢቱ ሄደ። ባይነሽ ግን በሩ አጠገብ ስለነበረች ቀደመችው። ከረጢቱ ውስጥ እጇን ከትታ አንድ አበባ መዝዛ አወጣች። ከዚያ ከረጢቱን አፉን ቋጥራ በርጩማው ላይ አደረገችውና እላዩ ላይ ተቀመጠች። አሁን ሊወስደው የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ እሷን ማንሳት አለበት።

"ምን ማድረግሽ ነው?"

"ተቀምጫለሁ።"

"እራትስ?"

"ድስቱ እዚያው ነው። ማሙሸት፣ ሳህኖቹ ከላይ ናቸው። አውጣላቸው።"

ማሙሸት አጎቱን አየ፤ እሷን አየ። ማንን እንደሚሰማ አላወቀም።

"ማን ሞተና ነው የምትቀመጪው?" አለ ፈለቀ።

"ማንም አልሞተም።"

ፈለቀ ከላይዋ ቆሞ ቀረ። እጁ አንድ ጊዜ ወደ ትከሻዋ ተነሳ፤ ግን አልደረሰም። ባይነሽ ቀና ብላ አላየችውም። ነገ ጠዋት ምን እንደሚሆን አታውቅም፤ ይህ ሰው ለስንት ቀን እንደሚያኮርፋት፣ በአርባው ቀን ሴቶቹ በበሯ ድስት ተሸክመው ሲያልፉ የት እንደምትደበቅ አታውቅም።

ክር አልነበራትም። ያወጣችውን አበባ መብራቱ ላይ አየችው፤ አንድ ጎኑ ጠማማ ነው፤ እየተጠራች እየተነሳች የሠራችው። ቋጠሮውን ፈልጋ አገኘችው። በጥፍሯ ፈታችውና ክሩን ሳበችው። አበባው ዙር በዙር እየተተረተረ ጭኗ ላይ ተከመረ። ከኋላዋ ክዳን ሲነሳ ተሰማት፤ ከዚያ ማንኪያ፤ ከዚያ አንድ ሳህን። ድስቱ ሥር ይዞ የማረር ሽታ መጣ። ልትነሳ ጉልበቷ ሲላወስ ታወቃት።

አልተነሳችም። ኪሮሹን ከቀሚሷ ኪስ አወጣችና የመጀመሪያውን ዓይን ጀመረች።